በፀሐይ ምክንያት የሚወጡ የቆዳ ነጠብጣቦች፦ ከሌዘር ሕክምና በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

በፊት፣ በአንገት፣ በክንድና በእጅ ጀርባ ላይ የሚወጡ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጠብጣቦችን በሌዘር ጨረር የማስወገድ አገልግሎት በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች በሚገኙ አንዳንድ የሕክምና ተቋማት ይሰጣል። አገልግሎቱን የሚፈልጉ ዜጎች ብዙውን ጊዜ ወደ ተቋማቱ የሚሄዱት ነጠብጣቡ ከፀሐይ የመጣ መሆኑን ራሳቸው ወስነው ነው። ይሁን እንጂ በዓይን ሲታዩ የሚመሳሰሉ ነጠብጣቦች በመነሻቸውም ሆነ በሕክምናቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። አንዳንዶቹ ጉዳት የሌላቸው የቀለም ለውጦች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በሌዘር የሚባባሱ ሕመሞች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ የቆዳ ካንሰር ወይም የካንሰር መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሌዘር መሣሪያ የሚያነጣጥረው በቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙ ከየትኛው ሕመም እንደመጣ አይለይም። ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ሲሆን፣ መከናወን ያለበትም ጨረሩ ቆዳ ላይ ከማረፉ በፊት ነው። ይህ ጽሑፍ ዜጎች የሌዘር ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ምን ዓይነት ምርመራ ሊደረግላቸው እንደሚገባ፣ ምርመራው ለምን እንደሚያስፈልግና አገልግሎቱን ለማግኘት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያብራራል።

ፀሐይ በቆዳ ላይ ነጠብጣብ የምታወጣው እንዴት ነው?

የሰው ቆዳ መልኩን የሚያገኘው ሜላኒን ከሚባል ቀለም ነው። ሜላኒን ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በመምጠጥ የቆዳ ሕዋሳትን ከጉዳት ይከላከላል። ቆዳ ለረጅም ዓመታት በተደጋጋሚ ለፀሐይ ሲጋለጥ ቀለም አምራች ሕዋሳት በአንዳንድ ቦታዎች ከልክ በላይ ስለሚሠሩ ቀለሙ ተሰባስቦ በነጠብጣብ መልክ ይወጣል። ነጠብጣቡ ፀሐይ አዘውትሮ በሚያገኛቸው የሰውነት ክፍሎች ላይ በብዛት የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗና ከፍተኛ የሕዝብ ክፍል በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች በመኖሩ የጨረሩ መጠን ከፍተኛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በደጋው የአየሩ ቅዝቃዜ ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም፤ በመሆኑም ሰዎች ሙቀት ሳይሰማቸው ለከፍተኛ ጨረር ሊጋለጡ ይችላሉ። ስስ ደመናም አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ከጨረሩ ዓይነቶች መካከል ወደ ቆዳ ጠልቆ የሚገባው ክፍል በመስኮት መስታወት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ረጅም ሰዓት የሚያሽከረክሩና በመስኮት አጠገብ የሚሠሩ ሰዎችም ከተጋላጮች መካከል ናቸው።

ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጣ ቆዳ የተሻለ የተፈጥሮ መከላከያ አለው። ይህ ማለት ግን ጨረር አይጎዳውም ማለት አይደለም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የቆዳ ካንሰር የሚከሰተው በአንጻራዊነት ጥቂት ጊዜ ቢሆንም፣ ሲከሰት አይጠረጠርም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ዜጎች ደግሞ ይህ የተፈጥሮ መከላከያ ስለሌላቸው ገና በለጋ ዕድሜያቸው ለከባድ የፀሐይ ጉዳትና ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ።

የፀሐይ ነጠብጣብ ተብለው የሚወሰዱ የቆዳ ለውጦች

በተለምዶ የፀሐይ ነጠብጣብ ወይም ጥቁር ነጥብ በሚል ስያሜ የሚጠቃለሉት ለውጦች ቢያንስ የሚከተሉትን ያካትታሉ።

1. እውነተኛው የፀሐይ ነጠብጣብ። ጠርዙ ተለይቶ የሚታይ፣ ከቆዳው ወለል ጋር የተስተካከለ፣ አንድ ወጥ ቡናማ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ነው። በአብዛኛው ከ40 ዓመት በኋላ የሚታይ ሲሆን ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። በራሱ ጉዳት የለውም። ለሌዘር ሕክምና ጥሩ ምላሽ ከሚሰጡት ለውጦች አንዱ ነው።

2. ጠቃጠቆ። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይና በፀሐይ ጊዜ የሚደምቅ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። ሕክምና የግድ አያስፈልገውም።

3. ማድያት። በጉንጭ፣ በግንባር፣ በአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር በላይ በሁለቱም የፊት ጎኖች ተመጣጥኖ የሚሰራጭ የጠቆረ ቀለም ነው። ከፀሐይ በተጨማሪ እርግዝና፣ ሆርሞን ያላቸው የወሊድ መቆጣጠሪያዎችና የቤተሰብ ተጋላጭነት ያመጡታል ወይም ያባብሱታል። በሴቶች ላይ የሚበዛ ቢሆንም ወንዶችንም ይይዛል። በኢትዮጵያ "ፀሐይ አጠቆረኝ" ብለው ወደ ሐኪም ከሚሄዱ ሰዎች ብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ይህ ነው። ሌዘር ለማድያት የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም፤ ያለ ጥንቃቄ ሲደረግ ቀለሙ ቀድሞ ከነበረው ብሶ ሊመለስ ይችላል።

4. ከቁስል ወይም ከብግነት በኋላ የሚቀር ጥቁረት። ብጉር፣ ችፌ፣ ቃጠሎ ወይም የነፍሳት ንክሻ ከዳነ በኋላ የሚቀር ቀለም ነው። መነሻው ፀሐይ አይደለም፤ ፀሐይ ግን ታቆየዋለች። መንስኤው ከታከመና ቆዳው ከፀሐይ ከተጠበቀ በወራት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል።

5. በፊት ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ጥቁር እብጠቶች። በተለይ በጉንጭና በዓይን ዙሪያ እንደ ስንጥር ወይም እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍሬ ሆነው የሚወጡ፣ በዕድሜ የሚበዙና በቤተሰብ የሚተላለፉ ናቸው። ጉዳት የላቸውም፤ የሚወገዱበት መንገድም ከጠፍጣፋ ነጠብጣብ የተለየ ነው።

6. በቅባት ምክንያት የሚመጣ ጥቁረት። ቆዳ ለማንጣት የሚሸጡና ሃይድሮኪኖን የያዙ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ፣ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁረት በፊት ላይ ሊያመጡ ይችላሉ። ይህ ለውጥ ማድያት ስለሚመስል ብዙ ሰዎች ቅባቱን ይጨምራሉ፤ በዚህም ጉዳቱ ይባባሳል። ስቴሮይድ ያላቸው ቅባቶች ደግሞ ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮች ጎልተው እንዲታዩና ብጉር እንዲበዛ ያደርጋሉ። በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ የሚደረግ ሌዘር አደጋው ከፍተኛ ነው።

7. ሻካራ የፀሐይ ጉዳት። በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር፣ ቅርፊት የሚያወጣና ተልጦ የሚመለስ ቦታ ነው። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸውና በተለይም አልቢኒዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። የካንሰር መነሻ ሊሆን ስለሚችል የውበት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

8. የቆዳ ካንሰር። ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ዓይነት በጅማሬው ተራ ጥቁር ነጠብጣብ ሊመስል ይችላል። ፊት ላይ ሲጀምር ለዓመታት ቀስ እያለ የሚሰፋ ጠፍጣፋ ቡናማ ቦታ ሊሆን ስለሚችል ከእውነተኛው የፀሐይ ነጠብጣብ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ደግሞ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኛቸው የውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ በአገራችን በቆላማና በደጋማ አካባቢዎች የሚታወቁ ሌሎች ሕመሞችም መታሰብ ይኖርባቸዋል። ፊት ላይ የሚወጣና ለወራት የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ከቀሪው ቆዳ ፈዘዝ ያለና ስሜት የሌለው ቦታ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በመድኃኒት የሚታከሙ ሲሆኑ በሌዘር አይድኑም፤ ዘግይቶ መታከም ግን ቋሚ ጠባሳ ወይም የአካል ጉዳት ያስከትላል።

ምርመራው ከሌዘር የሚቀድምባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ሌዘር ማስረጃን የሚያጠፋ መሆኑ ነው። ሐኪም አጠራጣሪ ነጠብጣብን በቢላ ቆርጦ ሲያወጣ ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተልኮ ምንነቱ ይረጋገጣል። ሌዘር ግን ቀለሙን በቦታው ሰባብሮ ስለሚያጠፋ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ ነገር አይቀርም። ነጠብጣቡ ሜላኖማ ከነበረ ላይኛው ቀለም ይደበዝዛል፣ ሕመሙ ግን ከሥር ይቀጥላል። ታካሚውም ድኛለሁ ብሎ ስለሚዘናጋ ሕመሙ ሊድን የሚችልበት ጊዜ ያልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቆዳ መልክ ጋር የተያያዘ ነው። ለቀለም የሚውለው ሌዘር በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋይ በሚለካ እጅግ አጭር ጊዜ ኃይለኛ ብርሃን ይለቃል፤ ሜላኒን ብርሃኑን መጥጦ ይግላል፣ ይሰባበራል፤ ስብርባሪውንም ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ችግሩ ሜላኒን በነጠብጣቡ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ጤነኛ ቆዳም መኖሩ ነው። ቆዳው በጠቆረ መጠን ጤነኛው ክፍል ብዙ ብርሃን ስለሚመጥ የመቃጠል፣ ከቀድሞው የመጥቆር ወይም ነጭ ምልክት የመተው ዕድሉ ይጨምራል።

ሐኪሞች ይህን ተጋላጭነት የሚገምቱት አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባስተዋወቁትና በኋላም ጠቆር ያሉ ቆዳዎችን እንዲያካትት በተስፋፋው የደረጃ አመዳደብ ነው። አመዳደቡ ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ ከ1 እስከ 6 ይከፍላል፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከ4 እስከ 6 ባለው ደረጃ ውስጥ ይገኛል። ለእነዚህ ደረጃዎች 1,064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር በሜላኒን የመመጠጥ መጠኑ አነስተኛ በመሆኑ ከ532 ናኖሜትሩ የተሻለ ደኅንነት አለው። አይፒኤል በሚል ስም የሚታወቀው የብርሃን መሣሪያ ደግሞ በትክክለኛ ትርጉሙ ሌዘር አይደለም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ የማቃጠል አደጋውም ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሠራ መሣሪያ ለሌላው ይሠራል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ምክንያት ወጪ ነው። የሌዘር ሕክምና ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይፈልጋል። መነሻው በቅባት መድኃኒትና ከፀሐይ በመጠበቅ ሊሻሻል የሚችል ለውጥ ከሆነ ታካሚው ለማያስፈልገው ሕክምና ገንዘቡን ያወጣል፤ ጉዳት ከደረሰም ጉዳቱን ለማከም ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

ምርመራው ከቆዳና አባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት ሐኪም ጋር በሚደረግ ቀጠሮ የሚከናወን ሲሆን የሚከተሉት ደረጃዎች አሉት።

ሀ. የሕመም ታሪክ መውሰድ። ሐኪሙ ነጠብጣቡ መቼ እንደጀመረ፣ መጠኑ ወይም ቀለሙ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ያሳክክ ወይም ይደማ እንደሆነ ይጠይቃል። ቀጥሎም ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የተጠቀመባቸውን ቅባቶች፣ የእርግዝና ወይም የጡት ማጥባት ሁኔታን፣ የወሊድ መቆጣጠሪያን፣ በቤተሰብ ውስጥ የቆዳ ካንሰር መኖሩን፣ ቁስል ሲድን አብጦ የሚቀር ጠባሳ ማለትም ኬሎይድ የማውጣት ዝንባሌን ያጣራል። በከንፈር ዙሪያ ምች በተደጋጋሚ የሚወጣበት ሰው ይህንኑ መናገር አለበት፤ ሌዘር ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ቀድሞ መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል።

ለ. መላ ቆዳን ማየት። ምርመራው በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ ፊት ከማንኛውም ቅባትና መዋቢያ ታጥቦ ይደረጋል። ሐኪሙ ታካሚው ያሳየውን ነጠብጣብ ብቻ ሳይሆን መዳፍን፣ የውስጥ እግርንና ጥፍሮችንም ያያል። ጥፍርን የሚሸፍን ቀለም ወይም የቅርብ ጊዜ ሂና ካለ ምርመራውን ያስተጓጉላል።

ሐ. መዳሰስ። ነጠብጣቡ ለስላሳ፣ ሻካራ ወይም ከቆዳ ከፍ ያለ መሆኑ በጣት ይለያል። ፈዘዝ ያለ ቦታ ከታየ ስሜት መኖሩ በጥጥ ጫፍ ይፈተሻል።

መ. በደርሞስኮፕ ማየት። ደርሞስኮፕ የራሱ ብርሃን ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳን 10 እጥፍ አጉልቶ የሚያሳይ የእጅ መሣሪያ ነው። ሕመም የለውም፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በዓይን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ነጠብጣቦች በዚህ መሣሪያ ሲታዩ የቀለሙ አቀማመጥ ስለሚለያይ ሐኪሙ አጠራጣሪውን ከማያጠራጥረው ለመለየት ይረዳዋል።

ሠ. ናሙና መውሰድ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ከቀረ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ አነስተኛ የቆዳ ናሙና ይወሰድና ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል። ይህ ምርመራ ባዮፕሲ ይባላል። ናሙና መውሰድ ካንሰርን ያሰራጫል የሚለው በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚሰማ ሥጋት መሠረት የለውም። ውጤቱ እስኪደርስ ድረስ በዚያ ነጠብጣብ ላይ ሌዘር ሊደረግ አይገባም።

ረ. ፎቶ ማንሳትና መመዝገብ። ከሕክምናው በፊት የነበረው ሁኔታ በታካሚው ፈቃድ በፎቶ ይያዛል። ፎቶው ለውጡን ለመለካት፣ አቤቱታ ቢነሳም ለማስረጃነት ያገለግላል።

አፋጣኝ ምርመራ የሚሹ ምልክቶች

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ የታየበት ሰው የሌዘር ቀጠሮን ሳይጠብቅ በቅርቡ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

• አንዱ ግማሹ ከሌላው ግማሽ ጋር የማይመሳሰል ነጠብጣብ፤
• ጠርዙ የተቆራረጠ ወይም ወደ ዙሪያው ቆዳ የደበዘዘ ነጠብጣብ፤
• በአንድ ነጠብጣብ ውስጥ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ቀለም ተቀላቅሎ መታየት፤
• ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከእርሳስ ውፍረት ጋር ከሚቀራረብ መጠን የበለጠ ነጠብጣብ፤
• በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በመጠን፣ በቅርጽ ወይም በቀለም የሚለወጥ ነጠብጣብ፤
• የሚደማ፣ ፈሳሽ የሚያወጣ ወይም ከ4 ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል፤
• በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ አዲስ የወጣ ጥቁር ቦታ፤
• በአንድ ጥፍር ላይ የሚሰፋ ወይም ወደ ጥፍሩ ሥር ቆዳ የሚሻገር ጥቁር መስመር።

ከልደት ጀምሮ ያለና በተለምዶ "ማርያም የሳመችው" የሚባል ምልክትም ቢሆን አዲስ ለውጥ ካሳየ መመርመር አለበት። እነዚህ ምልክቶች መታየታቸው ብቻውን ካንሰር መኖሩን አያረጋግጥም፤ የሐኪም ምርመራ የግድ መሆኑን ግን ያመለክታል። በጊዜ የተደረሰበት የቆዳ ካንሰር በአብዛኛው በቀላል ቀዶ ሕክምና ይድናል።

ሌዘርን ማዘግየት ወይም መተው የሚገባባቸው ሁኔታዎች

የነጠብጣቡ ምንነት ከታወቀ በኋላም ሕክምናው ወዲያውኑ ላይጀመር ይችላል። በቅርብ ሳምንታት በፀሐይ የጠቆረ ቆዳ መደበኛ መልኩ እስኪመለስ መጠበቅ አለበት፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 4 ሳምንት ከፀሐይ መጠበቅ ይመከራል። በሚታከመው ቦታ ላይ ቁስል፣ ብጉር ወይም ኢንፌክሽን ካለ በቅድሚያ ይታከማል። በእርግዝና ወቅት የውበት ሌዘር እንዲዘገይ ይመከራል፤ በእርግዝና የመጣ ማድያት ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ራሱ ሊደበዝዝ ይችላል።

እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንዳንድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ቆዳ ለብርሃን የሚያሳየውን ምላሽ ያጠነክራሉ። ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የቆዳን የመዳን ሁኔታ ስለሚነካ ለሐኪሙ አስቀድሞ መነገር አለበት። ይሁን እንጂ ማንኛውም ሰው ለሌዘር ሲል የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም። ኬሎይድ የሚያወጡ፣ ሉፐስ የተባለው ሕመም ያለባቸውና የቆዳ ማንጫ ቅባት ሲጠቀሙ የቆዩ ሰዎችም ለብቻው የተለየ ግምገማ ያስፈልጋቸዋል።

የሙከራ ሕክምና

ሐኪሙ ሌዘር ተገቢ መሆኑን ሲወስን ሙሉውን ቦታ በአንድ ቀን ማከም የለበትም። በተለይ ለጠቆረ ቆዳ በመጀመሪያ ጎልቶ በማይታይ ቦታ፣ በትንሽ ስፋትና በዝቅተኛ ኃይል ሙከራ ይደረጋል። ቃጠሎ በቀናት ውስጥ ቢታይም፣ ጥቁረት ወይም ንጣት ግን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ውጤቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይገመገማል። ለአጭር የዕረፍት ጊዜ ከውጭ አገር የሚመጡ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን ጊዜ ከግምት ማስገባት ይኖርባቸዋል፤ ሙከራውን ዘሎ በመጨረሻው ሳምንት ሕክምና አድርጎ መመለስ ክትትል የሌለው ሕክምና ነው። ለሠርግ ወይም ለሌላ ዝግጅት የሚታከሙ ሰዎችም ቢያንስ ከጥቂት ወራት በፊት ምርመራ እንዲጀምሩ ይመከራል።

ተገልጋዩ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ማንኛውም ታካሚ ስለሚደረግለት ሕክምና በሚገባው ቋንቋ ማብራሪያ የማግኘት፣ ተስማምቶ የመፈረም ወይም ያለመስማማት መብት አለው። ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይኖርበታል።

• የነጠብጣቡ የሕክምና ስም ምንድን ነው? በምን ምርመራ ታወቀ?
• ምርመራውን ያደረገው ማን ነው? ሌዘሩን የሚሠራውስ ማን ነው? የሙያ ፈቃዳቸውስ?
• መሣሪያው ምን ዓይነት ነው? እንደ ታካሚው ባለ የቆዳ ደረጃ ላይ ተሠርቶበታል?
• ከሌዘር ውጭ ምን አማራጭ አለ? ምንም ባይደረግስ ምን ይሆናል?
• ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል? ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው?
• ቃጠሎ ወይም ጥቁረት ቢከሰት ማን ያክማል?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ካልተሰጠ፣ ወይም በመጀመሪያው ቀን ያለ ምርመራ ሌዘር ለማድረግ ግፊት ከተደረገ፣ ሕክምናውን አለመጀመር ተገቢ ነው። የውበት ሳሎን በሽታን የመመርመር ሥልጣን የለውም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የቆዳ ለውጥ ያሳሰበው ዜጋ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላል። ጤና ጣቢያው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የሪፈር ወረቀት በመስጠት የቆዳ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይልካል። በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አቅራቢያ ደግሞ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ለረጅም ዘመን ያገለገሉ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ሁለቱም በሥጋ ደዌ ሕክምና የጀመሩ በመሆናቸው ከውበት ጉዳይ ባሻገር ያሉ የቆዳ ሕመሞችን በመለየት ሰፊ ልምድ አላቸው። በተለያዩ ክልሎች የሚገኙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችም የቆዳ ሕክምና ክፍል አላቸው። ወደ ግል ተቋም የሚሄዱ ዜጎች ተቋሙ ፈቃድ ያለው መሆኑንና ፈቃዱ የቆዳ ሕክምናን የሚያካትት መሆኑን ማየት አለባቸው፤ የፈቃድ የምስክር ወረቀት በግልጽ በሚታይ ቦታ መሰቀል ይኖርበታል።

ታካሚዎች ወደ ምርመራ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና የሚጠቀሙባቸውን ቅባቶች ከነማሸጊያቸው፣ ቀደም ሲል የተደረጉ ምርመራዎችን ውጤትና የሚቻል ከሆነ ነጠብጣቡ ከዚህ በፊት የነበረበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ ይዘው ቢቀርቡ ሐኪሙን በእጅጉ ይረዱታል። የሚጠቀሙበትን ቅባት ከሐኪም መደበቅ አያስፈልግም፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን ሕክምናውን ለመምረጥ ነው።

ቅባቶችን ጨምሮ መዋቢያዎችና የሕክምና መሣሪያዎች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። የተጻፈ ይዘት፣ የአምራች ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ የሌለው ቅባት መጠቀም አይገባም። በአንዳንድ የቆዳ ማንጫዎች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። አጠራጣሪ ምርት ያጋጠመው ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ፈቃድ በሌለው ተቋም ወይም ባለሙያ ጉዳት የደረሰበት ሰው ደግሞ ለክልሉ ወይም ለከተማው ጤና ተቆጣጣሪ አካል ማመልከት ይችላል።

ከምርመራው በኋላ

ብዙ ሰዎች ምርመራው ሲጠናቀቅ ሌዘር እንደማያስፈልጋቸው ይነገራቸዋል። ይህ ሕክምና እንደ መከልከል ሊታይ አይገባውም። ለማድያትና ከቁስል በኋላ ለሚቀር ጥቁረት በሐኪም ክትትል የሚሰጡ ቅባቶችና ከፀሐይ መጠበቅ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሕክምናዎች ናቸው። ጉዳት የሌለውን የፀሐይ ነጠብጣብ እንዳለ መተውም ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ያለው ምርጫ ነው።

ሌዘር ለተደረገላቸው ታካሚዎች በቦታው ላይ ስስ ቅርፊት መፈጠሩ የሚጠበቅ ነው። ፊት ላይ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይረግፋል፤ እጅና እግር ላይ ከዚህ ይዘገያል። ቅርፊቱን መላጥ ጠባሳና ጥቁረት ያስከትላል። ውኃ የቋጠረ እብጠት፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ወይም መግል ከታየ በዚያው ቀን ወደ ተቋሙ መመለስ ያስፈልጋል። የታከመ ነጠብጣብ በዚያው ቦታ ከተመለሰ ሌዘር ከመደገሙ በፊት እንደገና መመርመር አለበት፤ የነጠብጣብ መመለስ ራሱ ናሙና ለመውሰድ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በሁሉም ሁኔታ ፀሐይን መከላከል የሕክምናው አካል ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ መፈለግ፣ ሰፊ ክብ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ፣ ነጠላና ሻሽን በመጠቀም ፊትንና አንገትን መሸፈን ወጪ የማይጠይቁ መንገዶች ናቸው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚጠቀሙ ሰዎች የመከላከል ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን መርጠው ከቤት ውጭ በሚቆዩበት ጊዜ በየ2 ሰዓቱ መቀባት አለባቸው። ለማድያት የቆዳ መልክ ያላቸውና የብረት ኦክሳይድ የያዙ ቅባቶች የሚታየውን ብርሃን ጭምር ስለሚያግዱ የተሻለ ጥቅም አላቸው። አልቢኒዝም ላለባቸው ዜጎች ከፀሐይ መጠበቅና በየ6 ወሩ ገደማ መላ ቆዳን መመርመር ሕይወትን የሚያድን እርምጃ ነው።

በአጠቃላይ፣ በቆዳ ላይ የወጣን ነጠብጣብ ለማጥፋት ከመወሰን በፊት ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ይህ በአብዛኛው በአንድ የሐኪም ቀጠሮ የሚከናወን ምርመራ ታካሚውን ከማያስፈልግ ወጪ፣ ከዘላቂ ጠባሳና ሳይታወቅ ከሚቆይ ካንሰር ይጠብቀዋል።